ናቹራል ከቄራው በኋላ፣ ኦርጋኒክ ከአፈሩ ጀምሮ

የሱፐርማርኬት ማቀዝቀዣ ውስጥ ሦስት እሽግ የተፈጨ የበሬ ሥጋ አለ እንበል። አንዱ ላይ ምንም የተለየ ነገር አልተጻፈም፤ ርካሹ እሱ ነው። ሁለተኛው አረንጓዴ ሜዳ ተስሎበት «መቶ በመቶ ናቹራል» (ተፈጥሯዊ) ይላል። ሦስተኛው ትንሽ ክብ ማኅተም ይዞ «ኦርጋኒክ» ይላል፤ ውዱ ደግሞ እሱ ነው። ብዙ ሸማች መካከለኛውን ያነሳል። ኦርጋኒኩን ባልችል እንኳ ናቹራሉ ግማሽ መንገድ ያደርሰኛል ብሎ ነው።

አያደርሰውም። ናቹራል የኦርጋኒክ ታናሽ ወንድም አይደለም። ሁለቱ መለያዎች የሚያወሩት ስለተለያየ ጊዜ ነው። ናቹራል የሚነግረን ከብቱ ከታረደ በኋላ ሥጋው ላይ ምን እንደተደረገ ነው። ኦርጋኒክ የሚነግረን ደግሞ ከብቱ ገና ሳይወለድ፣ መኖው ከበቀለበት መሬት ጀምሮ ያለውን ታሪክ ነው። ማሸጊያ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ በዚህ ዓይን ማየት ይጠቅማል፤ ወሬው ከየት ይጀምራል? እውነት መሆኑንስ ማን ሄዶ አየ?

እዚህ የማወራው በዋናነት ስለ አሜሪካ ሕግ ነው። ትልቁ የኦርጋኒክ ገበያ እዚያ ነው፤ ግርግሩም እንደዚያው። አውሮፓ የሚለይበትን ቦታ በየመሃሉ እጠቅሳለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥሬ ሥጋ ሁሉ ናቹራል ነው

የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ለሥጋ የሰጠው የናቹራል ትርጉም አጭር ነው። ሰው ሠራሽ ነገርም ሆነ ማቅለሚያ ያልተጨመረበት፣ ብዙም ያልተነካካ ምርት ናቹራል ይባላል። መቁረጥ፣ መፍጨት፣ ማቀዝቀዝ፣ ማድረቅ ብዙ እንደመነካካት አይቆጠሩም። በቃ፣ ትርጉሙ ይኸው ነው።

አሁን ይህን ይዘን ምንም ያልተጻፈበትን ርካሹን እሽግ እንየው። ተፈጭቷል፣ ታሽጓል። ቀለም የለውም፣ ሌላም ነገር አልገባበትም። ታዲያ እሱስ ናቹራል አይደለም? ነው እንጂ! ምንም ያልተጨመረበት ጥሬ ሥጋ ከሞላ ጎደል ሁሉም ናቹራል ነው። ሁለተኛው እሽግ የሚለየው ቃሉን ስላተመ ብቻ ነው።

ከብቱ እንዴት አደገ ለሚለው ጥያቄ ትርጉሙ መልስ የለውም። ከጆሮው ቆዳ ሥር የዕድገት ሆርሞን ተቀብሮለት ሊሆን ይችላል። የመጨረሻ ወራቱን በአጥር ውስጥ ታጉሮ በቆሎ ሲቀለብ ከርሞ ሊሆን ይችላል። አንቲባዮቲክም ወስዶ ይሆናል። ይህ ሁሉ ሆኖ ሥጋው በሕግ ናቹራል ነው፤ ሻጩም አልዋሸም።

ሕጉ ሻጩን አንድ ነገር ያስገድደዋል። ቃሉን ከተጠቀመ ምን ማለቱ እንደሆነ አብሮ መጻፍ አለበት። ስለዚህ ከትልቁ ቃል ሥር፣ ወይም ኮከብ ምልክቱን ተከትላችሁ ስትሄዱ፣ «ሰው ሠራሽ ነገር ያልተጨመረበት፣ በትንሹ የተዘጋጀ» የሚል ደቃቅ ጽሑፍ ታገኛላችሁ። ሜዳውን ትታችሁ እሱን አንብቡ።

ስለ አስተዳደግ የሚናገር ቀረብ ያለ መለያ ለጥቂት ዓመታት ነበር። በ2009 ሚኒስቴሩ «በተፈጥሯዊ መንገድ ያደገ» የሚል መስፈርት አውጥቶ ነበር፤ የዕድገት ሆርሞንና አንቲባዮቲክን የሚከለክል። በ2016 መጀመሪያ ራሱ ሰረዘው። የሣር ከብት የሚባለውን መስፈርትም አብሮ አነሳ። ዛሬ «በሣር ያደገ» የሚል ሥጋ ስታዩ፣ ድርጅቱ ምን ማለቱ እንደሆነ በወረቀት አስረድቶ ያስጸደቀው አባባል ነው።

ዶሮ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። በጨው ውሃ ወይም በመረቅ የተወጋ የዶሮ ሥጋም ናቹራል ተብሎ ሊሸጥ ይችላል። ጨውም መረቅም ሰው ሠራሽ አይደሉማ። የተጨመረው ፈሳሽ በመቶኛ ከምርቱ ስም ጋር መጻፍ ስላለበት፣ የዶሮ ዋጋ ከፍላችሁ ስንት ውሃ እንደገዛችሁ ማወቅ ግን ይቻላል።

ወተት፣ እርጎና ቺዝ በሌላ መሥሪያ ቤት ሥር ናቸው፤ ኤፍዲኤ በሚባለው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር። እሱ ዘንድ ናቹራል መደበኛ ትርጉም እንኳ የለውም። ምግቡ ላይ ይኖራል ተብሎ የማይጠበቅ ሰው ሠራሽ ነገር አይግባ የሚል የቆየ አቋም አለው፤ በ2015 ትርጉም ላውጣ ወይ ብሎ ሕዝቡን ጠይቆ ነበር። ትርጉሙ አልወጣም። እርጎ ላይ ያለውን ናቹራል ምንም እንዳልተጻፈ አድርጋችሁ ብታልፉት ብዙ አይቀርባችሁም።

ኦርጋኒክ ውስጥ ምን አለ

ኦርጋኒክ የሚለው ቃል ከጀርባው ሕግ አለው። የአሜሪካ ኮንግረስ ሕጉን ያወጣው በ1990 ነው። ዝርዝር ደንቡ ተጽፎ፣ ተጨቃጭቀውበት፣ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ የዋለው ግን በጥቅምት 2002 ነው። አውሮፓ ኅብረት የራሱ ደንብ አለው፤ አሁን የሚሠራበት ከጥር 2022 ጀምሮ የጸናው ነው።

ደንቡ ከመሬት ይጀምራል። መኖው የሚበቅልበት ማሳ የተከለከለ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ሳይነካው ሦስት ዓመት መቆየት አለበት። ዘረመሉ የተለወጠ ዘር አይዘራበትም። ከብቱ የሚበላው መኖ በሙሉ ኦርጋኒክ መሆን አለበት፤ «በአብዛኛው» የሚባል ነገር የለም። የዕድገት ሆርሞን ክልክል ነው። ለሥጋ የሚሆን ከብት፣ እናቱ በእርግዝናዋ የመጨረሻ አንድ ሦስተኛ ላይ እያለች ጀምሮ በኦርጋኒክ አያያዝ ሥር መሆን አለበት። ጫጩት ከተፈለፈለ በሁለተኛው ቀን ይጀምራል።

የወተት ላም ትንሽ ትለያለች። መደበኛ የነበረች ላም አሥራ ሁለት ወር በኦርጋኒክ አያያዝ ከቆየች ወተቷ ኦርጋኒክ ይሆናል፤ ሥጋዋ ግን መቼም አይሆንም። ይህች ቀዳዳ ለዓመታት ትልቅ ጭቅጭቅ ፈጥራ ነበር። አንዳንድ ትልልቅ እርባታዎች ጥጆችን በርካሽ መደበኛ መኖ እያሳደጉ፣ ሊታለቡ ሲቃረቡ ወደ ኦርጋኒክ ያስገቡ ነበር። ትንንሾቹ ገበሬዎች ደግሞ ጥጃዋን ከልደቷ ጀምሮ በውድ መኖ እያሳደጉ ከነሱ ጋር ይፎካከራሉ። በ2022 የወጣው ደንብ አንድ እርባታ ይህን ሽግግር አንድ ጊዜ ብቻ እንዲያደርግ ወሰነ።

ግጦሹስ? ከ2010 ጀምሮ ላም፣ በግና ፍየል በዓመት ቢያንስ 120 ቀን ወጥተው መጋጥ አለባቸው። በግጦሹ ወቅት ከሚበሉት መኖ፣ በውስጡ ያለው ውሃ ሳይቆጠር፣ ቢያንስ 30 በመቶው ከሜዳው መሆን አለበት። ይህ ከመደበኛው እርባታ በብዙ ይሻላል። ቁጥሩን ግን ገልብጣችሁም እዩት። 70 በመቶው ከሜዳው ላይሆን ይችላል፤ ከዓመቱም 245 ቀን ላሚቱ ያለ ግጦሽ ልትውል ትችላለች። ካርቶኑ ላይ የተሳለችው ላም ሁልጊዜ ቆማ የምትግጠው ሥዕል ስለሆነች ነው። ኦርጋኒክ የሣር ወተት ማለት አይደለም፤ የሣር ወተትም ኦርጋኒክ ማለት አይደለም። ሁለቱን የሚፈልግ ሰው ሁለቱንም መለያ መፈለግ አለበት።

ላሟ ስትታመም

ከመለያዎቹ ጀርባ ካሉ ጉዳዮች እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይኼ ነው።

የአሜሪካ ደንብ አንቲባዮቲክን በጭራሽ አይፈቅድም። አንዲት የወተት ላም ጡቷ በኢንፌክሽን ቢያብጥና አንድ ጊዜ አንቲባዮቲክ ብትወጋ፣ እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ ኦርጋኒክ መሆኗ ያበቃል። ከመንጋው ትወጣለች። ደንቡ በሌላ በኩል፣ ኦርጋኒክነቷን ላለማጣት ብሎ ሕክምና መከልከልን በግልጽ ያግዳል። ገበሬው ማከም አለበት፤ ካከማት ደግሞ ያጣታል። ወረቀት ላይ ሁለቱ አይጣሉም። በረት ውስጥ ግን ይጣላሉ፤ «እስቲ ነገ ድረስ እንያት» ለማለት የሚገፋ ነገር አለ።

አውሮፓ ሌላ መንገድ መረጠ። እዚያ የታመመች ላም በሐኪም ትእዛዝ አንቲባዮቲክ ወስዳ ኦርጋኒክ ሆና መቀጠል ትችላለች። ከሕክምናው በኋላ ወተቷ ኦርጋኒክ ተብሎ የማይሸጥበት ጊዜ ከመደበኛው የማቆያ ጊዜ እጥፍ ይሆናል። በዓመት ከሦስት ዙር በላይ ከታከመች ግን መብቱን ታጣለች። ለእኔ የአውሮፓው ይሻላል። ላሚቱንም ገበሬውንም አያስጨንቅም፤ ለጠጪውም የሚያስፈራ ነገር የለውም። የአሜሪካው ለማስታወቂያ ይመቻል፤ «በፍጹም» ብሎ መጻፍ «በልክ» ብሎ ከመጻፍ ይቀላልና።

ብርጭቋችን ውስጥ ያለው ወተትስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አሜሪካ ውስጥ ለወተት ፋብሪካ የሚቀርብ ወተት፣ ኦርጋኒክ ይሁን አይሁን፣ እያንዳንዱ ቦቴ ፋብሪካው ሳይቀበለው ለፔኒሲሊን ቤተሰብ አንቲባዮቲኮች ይመረመራል። ከተገኘበት ሙሉው ቦቴ ይደፋል። ስለዚህ የአንቲባዮቲክ ጉዳይ ዋናው ጣጣው ያለው እርባታው ላይ ነው፤ መድኃኒቱ በብዛት በተሰጠ ቁጥር የሚለምዱት ተህዋስያን ይበዛሉ፣ ለሰውም ይተርፋሉ። አውሮፓ ለማሳደጊያ ብቻ የሚሰጥ አንቲባዮቲክን በ2006 ከልክሏል። አሜሪካ ለሰው ሕክምና የሚያስፈልጉትን ለዚህ ጥቅም መስጠት ያቆመችው በ2017 ነው።

ማን ሄዶ አየ?

ኦርጋኒክ ለመባል እርባታው ፈቃድ ባለው አረጋጋጭ ድርጅት በየዓመቱ ይጎበኛል። መዝገቡ ይታያል፣ መኖው ከየት እንደተገዛ ይጣራል። «ያለ አንቲባዮቲክ ያደገ» የሚለው ብቻውን ሲቆም ግን ነገሩ ሌላ ነው። ድርጅቱ እንዴት እንደሚያረባ የሚገልጽ ሰነድ ለሚኒስቴሩ ያቀርባል፤ ሰነዱ ታይቶ ይጸድቃል። በብዛት በረቱን ሄዶ ያየ የመንግሥት ሰው የለም።

ውጤቱ በነሐሴ 2024 ታየ። ሚኒስቴሩ በዚህ መለያ ሊሸጡ ከነበሩ ከብቶች ናሙና ወስዶ ሲመረምር ከናሙናዎቹ 20 በመቶ ገደማ ላይ የአንቲባዮቲክ ቅሪት አገኘ። ከአምስት አንድ! ከዚያ በኋላ ያወጣው መመሪያ ድርጅቶች የሦስተኛ ወገን ማረጋገጫና የናሙና ምርመራ እንዲጠቀሙ አጥብቆ ይመክራል። ይመክራል እንጂ አያስገድድም።

ኦርጋኒክም ከማጭበርበር አላመለጠም። በ2019 አንድ የሚዙሪ ገበሬ መደበኛ እህልን ኦርጋኒክ እያለ ለዓመታት በመሸጡ አሥር ዓመት ተፈርዶበታል። የሽያጩ መጠን ከ140 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። አብዛኛው እህል የሄደው ለከብትና ለዶሮ መኖ ነው። አስቡት፤ በየዋህነት የገዛው አርቢ፣ ኦርጋኒክ ብሎ የሸጠው ሥጋ ኦርጋኒክ አልነበረም። ለዚህ ዓይነቱ ነገር መልስ እንዲሆን፣ በእህሉና በሸማቹ መካከል ያሉትን ደላሎችና አስመጪዎችም የምስክር ወረቀት እንዲያወጡ የሚያስገድድ ደንብ ከመጋቢት 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ማኅተሙ ዋስትና ነው ማለቴ አይደለም። ሲዋሽ የሚያሳስር መለያ ግን ከሌሎቹ ይልቅ ይታመናል።

ብዙ የሚያወሩ፣ ትንሽ የሚናገሩ

«ሆርሞን ያልተሰጠው ዶሮ» የሚለውን ተመልከቱ። አሜሪካ ውስጥ ለዶሮ ሆርሞን መስጠት በሕግ ክልክል ነው። ማንም አይሰጥም። ለዚህም ነው ጽሑፉን የሚያትም ድርጅት «ሕጉ ሆርሞንን ይከለክላል» የሚል ማብራሪያ አብሮ እንዲጽፍ የሚገደደው። በሬ ላይ ግን ሆርሞን ስለሚፈቀድ ያው አባባል ትርጉም አለው። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ በሬ ላይም ከ1980ዎቹ ጀምሮ የተከለከለ ነው።

«ከኬጅ (ከሽቦ ሳጥን) ነፃ» የሚለው እንቁላል ላይ ቁም ነገር ነው፤ የሥጋ ዶሮ ላይ ግን ባዶ ነው። የሥጋ ዶሮ መጀመሪያውንም የሚያድገው አዳራሽ ውስጥ ወለል ላይ እንጂ ኬጅ ውስጥ አይደለም። «ዕፅዋት ብቻ የተመገበ ዶሮ» የሚለውማ ያስቀኛል። ዶሮ ውጭ ከተለቀቀ ትል አይምርም። ይህ መለያ ያላት ዶሮ ደጅ ወጥታ እንደማታውቅ መጠርጠር ይቻላል።

ኦርጋኒክ ዶሮ ደጅ ይወጣል መባሉም ለዓመታት አከራካሪ ነበር። አንዳንድ ግዙፍ የእንቁላል እርባታዎች በሽቦ የታጠረ በረንዳ ሠርተው «ውጭ ይኸው» ይሉ ነበር። በኅዳር 2023 የወጣው ደንብ እንዲህ ያለው በረንዳ ውጭ ተብሎ እንዳይቆጠር ወሰነ፤ ነባር የዶሮ እርባታዎች ግን ለውጭው ቦታ እስከ 2029 ጊዜ ተሰጥቷቸዋል። የእንስሳው አያያዝ ዋና ጉዳያችሁ ከሆነ ስለዚህ በኦርጋኒክ ማኅተም ብቻ አትረኩም። በእንስሳት ደኅንነት ላይ ብቻ የሚሠሩ፣ እርባታውን ሄደው የሚጎበኙ ነፃ ድርጅቶች የራሳቸው ማኅተም አላቸው።

ወተት ላይ «አርቢኤስቲ ካልተሰጣቸው ላሞች» የሚል ጽሑፍ አለ። ይህ የወተት ምርት የሚጨምር ሆርሞን ነው፤ ኤፍዲኤ በ1993 ፈቅዶታል። ካናዳና አውሮፓ ኅብረት ግን አልተቀበሉትም፤ ዋናው ምክንያታቸው የላሟ ጤና ነው፣ የጡት ኢንፌክሽንና እግር ማነከስ ስለሚያበዛ። አሜሪካም ውስጥ ዛሬ ብዙ የወተት ኩባንያዎች ከገበሬዎቻቸው ላይ አይቀበሉትም።

የሚገርመው ግን ቤከንና የተዘጋጀ ሥጋ ነው። «ናይትራይት ያልተጨመረበት» የሚለውን አይታችሁ ይሆናል። ከሥሩ በደቃቁ «በሰለሪ ዱቄት ውስጥ በተፈጥሮ ካለው በቀር» ይላል። ሰለሪ በናይትሬት የበለጸገ አትክልት ነው። ባክቴሪያ ናይትሬቱን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ ሥጋውን ሮዝ የሚያደርገውና የሚያቆየው እሱው ነው። ከሰለሪ ይምጣ ከፋብሪካ፣ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ያው ናይትራይት ነው። ኮንስዩመር ሪፖርትስ የተባለው የሸማቾች ድርጅት በ2019 ሁለቱን ዓይነት መርምሮ ተቀራራቢ መጠን ነው ያገኘው። የኦርጋኒክ ደንብም ሰው ሠራሹን ከልክሎ የሰለሪውን ይፈቅዳል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2015 የተዘጋጀ ሥጋን ካንሰር አምጪ ብሎ ሲመድብ ናቹራልና ኦርጋኒክ የሚል ልዩነት አላደረገም። በዚህ ምርት ላይ ለመለያው ብሎ ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት አይታየኝም።

ለጤናስ?

በ2016 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የገመገመ ሥራ ታትሞ ነበር። ኦርጋኒክ ወተትና ሥጋ ከመደበኛው 50 በመቶ ገደማ የበለጠ ኦሜጋ ሦስት የሚባለው የስብ ዓይነት አላቸው ይላል። ቁጥሩ ትልቅ ይመስላል። ነገር ግን ወተት መጀመሪያውንም ትንሽ ኦሜጋ ሦስት ነው ያለው፤ የትንሽ እጥፍ ተኩል አሁንም ትንሽ ነው። ልዩነቱን ያመጣው ደግሞ በአብዛኛው ሣሩ ነው። በ2012 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ያወጡት ግምገማ ኦርጋኒክ በንጥረ ምግብ ይበልጣል የሚል ጠንካራ ማስረጃ አላገኘም። ብዙ አንቲባዮቲክ የለመደ ባክቴሪያ ግን በመደበኛው ዶሮና አሳማ ላይ በብዛት አግኝቷል።

አንድ ሌላ ነገር። ኦርጋኒክ ወተት ማለት ያልፈላ፣ ያልተነካ ወተት ማለት አይደለም። እንዲያውም ብዙው ከመደበኛው የበለጠ ይሞቃል። መደበኛው በ72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ ነው የሚሞቀው። ብዙ ኦርጋኒክ ወተት ደግሞ በ138 ዲግሪ ለሁለት ሰከንድ። ኦርጋኒክ እርባታዎች ጥቂትና የተበታተኑ ስለሆኑ ወተቱ ሩቅ ይጓዛል፤ ሳይበላሽ ረጅም ጊዜ እንዲቆይ ነው። ያ ለየት ያለ ጣፋጭነት ከሜዳው ሳይሆን ከሙቀቱ ሊሆን ይችላል።

ካርቶኑን ገልብጡት

ገንዘብ ከተገኘ እኔ መጀመሪያ የማወጣው ለኦርጋኒክ ሥጋና ወተት ነው፤ ምክንያቴ አንቲባዮቲኩና መሬቱ ነው፣ ቫይታሚኑ አይደለም። ካልተገኘ ደግሞ ምንም ያልተጻፈበትን ርካሹን እወስዳለሁ። ለናቹራል ግን አልጨምርም።

ኦርጋኒክ ስትገዙ ከፊት ያለውን ማኅተም ብቻ አትዩ። አሜሪካ ውስጥ የአረጋጋጩ ድርጅት ስም ከአምራቹ ስም ሥር መጻፍ ግዴታ ነው። ግብርና ሚኒስቴሩ ፈቃድ ያላቸውን እርባታዎችና ፋብሪካዎች በሙሉ የያዘ ለሕዝብ ክፍት መዝገብ አለው፤ ስሙን አስገብቶ ማየት ነው። አውሮፓ ውስጥ ከኮከቦች ከተሠራችው ቅጠል አጠገብ የአገሩን ፊደልና የአረጋጋጩን ቁጥር የያዘ ኮድ አለ።

ማኅተም የሌለው ሁሉም አጭበርባሪ አይደለም። በዓመት ከ5,000 ዶላር በላይ ኦርጋኒክ የማይሸጥ ትንሽ ገበሬ የምስክር ወረቀት ሳያወጣ ምርቱን ኦርጋኒክ ማለት ይችላል፤ ደንቡን መከተል አለበት፣ ማኅተሙን ግን መለጠፍ አይችልም። እንዲህ ያለውን ሰው ፊት ለፊት ካገኛችሁት ባለፈው ላም ስትታመም ምን እንዳደረገ ጠይቁት። በደንብ የሚያረባ ሰው ለዚህ ጥያቄ መልሱ ዝርዝር ነው፤ ምን እንደሰጣት፣ ወተቷን ስንት ቀን እንዳልሸጠ፣ ከመንጋው አውጥቶ ለማን እንደሸጣት ይነግራችኋል።